የባሕር ዳር ሸለቆና ተረተር፦ ከሎስ አንጀለስ ለሚነሳ ሰው የትኛው ዙር ይሻላል?

የእግር ጉዞ ሲታሰብ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ማይል ነው?» ብሎ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ተራሮች ላይ ግን ማይሉ ብዙ አይነግራችሁም። ሦስት ማይል ብቻ ሆኖ ምላስ የሚያስወጣ መንገድ አለ። አሥር ማይል ሆኖ እየተጨዋወቱ የሚጨርሱት አለ። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ዳገቱ የሚመጣው የት ላይ ነው? እዚያ ስደርስስ ፀሐይዋ የት ትሆናለች?

የማወዳድራቸው ሦስት ቦታዎች ናቸው። ማሊቡ ያለው ሶልስቲስ ካንየን፣ ኦሬንጅ ካውንቲ ክሪስታል ኮቭ ፓርክ ውስጥ ያለው ሞሮ ካንየን፣ እና ቬንቱራ ካውንቲ ፖይንት ሙጉ ፓርክ ውስጥ ያለው ሲካሞር ካንየን። ሦስቱም ዙር ናቸው። በአንድ በኩል ሄዳችሁ በሌላ በኩል መኪናችሁ ጋ ትመለሳላችሁ። ሦስቱም ከታች ሸለቆ፣ ከላይ ተረተር አላቸው። ሸለቆው ዛፍና ጥላ አለው። ተረተሩ ላይ ከቁጥቋጦ በቀር ምንም የለም፤ ባሕሩ ግን ወለል ብሎ ይታያል።

ርቀቱን የምለካው ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው ሊትል ኢትዮጵያ ነው፤ ተገናኝቶ በአንድ መኪና ለመሄድ ይመቻል። ከዚያ ሶልስቲስ 25 ማይል ገደማ፣ ሲካሞር 40 ማይል ገደማ፣ ሞሮ ደግሞ 50 ማይል ገደማ ይርቃል። ፍሪዌዩ ጭር ባለበት ማለዳ ወደ ሞሮ መሄድ ቀላል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በ405 ፍሪዌይ መመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሰዓቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የፓርኩ በር ላይ የተጻፈውም እሱ ስለሆነ።

ደመናው፣ ፀሐይዋና አቅጣጫው

ከግንቦት እስከ ሐምሌ ድረስ ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ ላይ ዝቅ ያለ ደመና ይነሳል። የአገሩ ሰው «ጁን ግሉም» ይለዋል። ቱሪስት ያማርረዋል፤ ለእግረኛ ግን ትልቅ ስጦታ ነው። ደመናው ብዙ ጊዜ እስከ 10 ወይም 11 ሰዓት ይቆይና ይገለጣል። ከዚያ በኋላ ተረተሩ ላይ የሚጠለሉበት የለም።

ስለዚህ በበጋ ወራት ዳገቱን በደመናው ጊዜ ጨርሱት። ማለዳ በተረተሩ በኩል ውጡ፤ ፀሐይዋ ስትከር ወደ ሸለቆው ውረዱና በዛፎቹ ጥላ ሥር ተመለሱ። ካርታውና አፑ ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት የተገላቢጦሹን ነው። ሸለቆውን አስቀድመው ተረተሩን እኩለ ቀን ላይ ይሰጧችኋል። ለዚህም ምክንያት አላቸው። ከተረተሩ ስትወርዱ ባሕሩ ፊት ለፊታችሁ ይሆናል፤ በማለዳ ስትወጡ ግን ከጀርባችሁ ነው፣ ያውም ደመና የሸፈነው።

በክረምት ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ክረምት የምለው የካሊፎርኒያውን ነው፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለውን። ያኔ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ፀሐይዋም አትጎዳም። ሸለቆውን በቀዝቃዛው ጠዋት አስቀድሙና ተረተሩን ለመመለሻ አስቀምጡት። ባሕሩን እያያችሁ ለአንድ ሁለት ሰዓት ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ይህን የቀመሰ ሰው በነሐሴ ለምን እንደሚጓዝ አይገባኝም።

የአቅጣጫው ነገር ሦስቱም ቦታ ላይ ይሠራል። ክብደቱ ግን ይለያያል። ሶልስቲስ ላይ ብትሳሳቱ ትንሽ ላብ ነው። ሲካሞር ላይ ብትሳሳቱ ቀኑን ሙሉ ያስከፍላችኋል።

ሶልስቲስ ካንየን፦ አጭሩ

ዙሩ ሦስት ማይል ገደማ ነው። ሸለቆው ውስጥ ያለው መንገድ ሰፊና ለእግር የለዘበ ነው፤ አብዛኛው ክፍል በአሮጌ አስፋልት የተሸፈነ ነው። ከወንዙ ጎን ጎን እየሄደ ከአንድ ማይል ትንሽ ከፍ ባለ ርቀት ትሮፒካል ቴራስ የሚባል ቦታ ያደርሳል። ከዚያ ራይዚንግ ሰን የሚባለው ቀጭን የእግር መንገድ ተራራው ወገብ ላይ ወጥቶ ወደ መኪና ማቆሚያው ይመልሳል። ዳገቱም ፀሐይውም እሱ ላይ ነው።

ትሮፒካል ቴራስ ላይ ቆም በሉ። እዚያ የሚታየው የቤት ፍርስራሽ ነው። የጭስ መውጫው ቆሟል፣ የጡብ ደረጃው አለ፣ መሠረቱ አለ። ጣሪያና ግድግዳ ግን የለም። ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1952 ሮበርትስ ለሚባል ቤተሰብ የነደፈው ፖል ዊሊያምስ ነው። ዊሊያምስ በአሜሪካ የአርክቴክቶች ማኅበር ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር አባል ነበር። ቤቱን ከወንዙ፣ ከድንጋዩና ከዛፉ ጋር አዋህዶ ነበር የሠራው። በ1982 እሳት በላው። ከፍርስራሹ ጀርባ ትንሽ ፏፏቴ አለ። ከዝናብ በኋላ ደስ ይላል፤ መስከረም ላይ ብትሄዱ ግን እርጥብ ድንጋይ ነው የምታገኙት። የጢስ ዓባይን ነገር ከአእምሯችሁ አውጡና ሂዱ።

የዚህ ቦታ ትልቁ ጥቅም ማቋረጥ መቻሉ ነው። ሰው ከደከመ ትሮፒካል ቴራስ ደርሶ በመጣበት ለስላሳ መንገድ ይመለሳል። የሲካሞር ትልቁ ዙር እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። መግቢያም ነጻ ነው፤ የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ነው። ውሻም በገመድ ታስሮ ይገባል።

ችግሩ መኪና ማቆሚያው ነው። ጠባብ ነው። በሩ የሚከፈተው 8 ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ይሞላል። ከሞላ የባሕር ዳሩ አውራ ጎዳና ጠርዝ ላይ ቆማችሁ በእግር መግባት ነው፤ ምልክቶቹን ካላነበባችሁ ቅጣት ይጠብቃችኋል። በተረፈ ሰው ይበዛበታል። ጸጥታ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ቅር ይለዋል።

በበጋ ከሆነ ራይዚንግ ሰንን አስቀድሙት። ዳገቱን በጠዋቱ ትገላገሉትና ፏፏቴው ጋ አርፋችሁ በጥላው ትመለሳላችሁ።

ሞሮ ካንየን፦ እንደ ልብ የሚቆረጥ

ክሪስታል ኮቭ ከኮሮና ዴል ማርና ከላጉና ቢች መሃል ነው። ሰው የሚያውቀው ባሕር ዳሩንና በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሠሩትን የእንጨት ጎጆዎች ነው። ከአውራ ጎዳናው ማዶ ያለው 2,400 ኤከር የሚሆነው ተራራ ግን ለብዙው ጎብኚ እንዳለም አይታወቅም። መሬቱ የአንድ ትልቅ የሪል እስቴት ኩባንያ ነበር፤ ስቴቱ የገዛው በ1979 ነው። ዙሪያውን ያሉትን ቤቶች ስታዩ ባይገዛ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት አይከብዳችሁም።

እዚህ ዙሩ አንድ ብቻ አይደለም። ሸለቆው መሃል ላይ ነው፤ ግራና ቀኙ ተረተር ነው። ሸለቆውን ከተረተሮቹ ጋር የሚያገናኙ ብዙ መወጣጫዎች አሉ። ስለዚህ አምስት ማይል ገደማ ብላችሁ ትጀምሩና ጉልበት ካላችሁ ዘጠኝ ማይል ድረስ ታስረዝሙታላችሁ። ወይም በተቃራኒው ታሳጥሩታላችሁ። መገናኛዎቹ ላይ ምልክት አለ። ለቡድን ከዚህ የሚመች ነገር የለም። ፈጣኖቹ ሩቁን ዙር ይዞራሉ፣ ቀስ የሚሉት በቅርቡ መወጣጫ ይወጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ባሕር ዳር ይገናኛል።

መወጣጫዎቹ ግን ቀልድ አይደሉም። «አይ ቲንክ አይ ካን» የሚባል አለ፤ ከሸለቆው ወደ ሞሮ ተረተር የሚያወጣ። ስም ያወጣለት ሰው መሃሉ ላይ ቆሞ ሳይተነፍስ አልቀረም። አብዛኛው መንገድ ለእሳት አደጋ መኪና ተብሎ የተጠረገ ሰፊ ጥርጊያ ነው። ጥርጊያው እንደ እግር መንገድ እየተጠማዘዘ አይወጣም። ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። ስትወርዱ ደግሞ ደረቁ አፈር ላይ የተበተነው ጠጠር እንደ ባቄላ ከሥራችሁ ይንከባለላል። ሶሉ ያለቀ ስኒከር አድርጋችሁ አትምጡ።

ከፍታው 300 ሜትር ገደማ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን እንጦጦን የወጣ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። አትናቁት። አየሩ እዚህ አያስቸግርም፤ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ ሰው እንዲያውም ትንፋሹ እንደ ልብ ይሆንለታል። የሚያደክመው ዳገቱ፣ ጠጠሩና ፀሐይዋ አንድ ላይ ሲመጡ ነው።

ሌላው ብስክሌት ነው። ሞሮ የተራራ ብስክሌት የሚወዱ ሰዎች ሰፈር ነው። በሕጉ ብስክሌተኛው ለእግረኛ ያሳልፋል፣ ሁለቱም ደግሞ ለፈረስ። በተግባር ግን ኩርባ ላይ በፍጥነት የሚመጣ አይጠፋም። ሁለቱን ጆሮ በኤርፎን ደፍኖ መሄድ እዚህ ጥሩ አይደለም። መንገዱን ሞልታችሁ አራት ሆናችሁ ጎን ለጎን አትሂዱ፤ ወሬው ቢጥምም።

መኪና ለማቆም ይከፈላል፣ ከ15 ዶላር ወደ ላይ። አምስት ሰው ከተካፈለው ብዙ አይደለም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካላችሁ ደግሞ አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ። የካሊፎርኒያ ቤተ መጻሕፍት የስቴት ፓርክ መግቢያ ፓስ እንደ መጽሐፍ ያውሳሉ። ከ200 በላይ ፓርኮች መኪና በነጻ ያስገባል። የትኞቹ ፓርኮች እንደሚቀበሉት ዝርዝሩን አይታችሁ ውሰዱት።

ከጉዞው በኋላ ከአውራ ጎዳናው ሥር በሚያልፈው መተላለፊያ ባሕር ዳር መውረድ ይቻላል። እግርን ጨው ውኃ ውስጥ መንከር ከዳገቱ በኋላ ያለው ደስታ ነው። ይህን ዕድል በዚህ መልክ የሚሰጠው ከሦስቱ ሞሮ ብቻ ነው ማለት ግን አልችልም፣ ሲካሞርም ባሕር ዳር አለው።

ሲካሞር ካንየን፦ ለመራመድ ለሚወድ

እኔን ከጠየቃችሁኝ ምርጫዬ ይኼ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ፖይንት ሙጉ የሳንታ ሞኒካ ተራሮች ምዕራባዊ ጫፍ ነው። ተራራው በቀጥታ ባሕር ውስጥ ይገባል፤ ለአውራ ጎዳናው እንኳ የተረፈለት ትንሽ ቦታ ነው። ከዊል ሮጀርስ ፓርክ የሚነሳው 67 ማይሉ የባክቦን መንገድ የሚያልቀው እዚህ ነው። ከከተማው ስለሚርቅ ማሊቡን ካለፋችሁ በኋላ ሰው እየሳሳ ይሄዳል። ቤት አይታይም። ከተረተሩ ላይ ሆናችሁ የምትሰሙት ነፋስና አልፎ አልፎ ከባሕር ኃይሉ ሰፈር የሚነሳ አውሮፕላን ነው።

ትልቁ ዙር አሥር ማይል ገደማ ነው። ከፓርኩ ካምፕ (ከድንኳን መትከያው ሰፈር) ተነስታችሁ በሸለቆው ውስጥ ሦስት ማይል ያህል ጠፍጣፋ በሚባል መንገድ ትሄዳላችሁ። ሲካሞር ዛፎቹ ግንዳቸው ነጭና ዥጉርጉር ነው፣ ቅጠላቸው የእጅ መዳፍ ያህላል። ኅዳር ላይ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ስትራመዱበት ይንኮሻኮሻል። ከዚያ በግራ በኩል ውድ ካንየን ቪስታ የሚባለው መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ተረተሩ ያወጣል። ሁለት ማይል አይሞላም፤ ልብ የሚያደርቅ ዳገትም አይደለም። እንደ ሞሮ ቀጥ ብሎ አይወጣማ። ላይ ስትደርሱ ኦቨርሉክ የሚባለውን ሰፊ ጥርጊያ ይዛችሁ ለአምስት ማይል ያህል በተረተሩ ላይ ወደ ባሕሩ ትወርዳላችሁ። ጥርት ባለ ቀን አናካፓና ሳንታ ክሩዝ ደሴቶች ፊት ለፊት ይታያሉ። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ዓሣ ነባሪዎች በዚህ ያልፋሉ። ትንፋሻቸው እንደ ነጭ ጭስ ብቅ ሲል ከተረተሩ ላይ የሚያዩት ሰዎች አሉ፤ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር መያዝ አይጎዳም።

ሁለት ተክሎችን ፈልጉ። አንደኛው ካሊፎርኒያ ሴጅብራሽ ነው። ግራጫ፣ ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ ቁጥቋጦ። ሁለት ሦስት ቅጠል በጣታችሁ አሸት አድርጋችሁ አሽትቱት። አሪቲ የሚያውቅ አፍንጫ ወዲያው ይለየዋል፤ ሁለቱም አርቴሚሲያ የሚባለው ወገን ናቸው። ሁለተኛው ጃይንት ኮሪዮፕሲስ ነው። ከየካቲት ጀምሮ ባሕሩን በሚያየው ቁልቁለት ላይ ቢጫ አበባ ያፈነዳል። የአደይ አበባ ዘመድ ነው፤ ግን ቁመቱ ሰው ያህላል፣ ግንድም አለው። በበጋ ስታዩት የሞተ እንጨት ይመስላል። አልሞተም፣ ዝናብ እየጠበቀ ነው።

አሥር ማይል ለበዛበት ሰው እዚያው አጭር ዙር አለ። ሲኒክ በሚባለው መንገድ ወጥቶ በኦቨርሉክ መውረድ ነው፣ ሁለት ማይል ገደማ። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ዳገት ባሕሩን ከላይ ታዩታላችሁ። በማይል ሒሳብ ካየነው ከሦስቱም ቦታዎች ትንሽ ለፍቶ ብዙ የሚያሳየው ይህ ነው።

ጉዳቱ ምንድነው? ትልቁን ዙር አንዴ ከጀመራችሁ መሃል ላይ ማቋረጫ የለም ማለት ይቻላል። ውድ ካንየን ቪስታን ከወጣችሁ በኋላ በየትም ብትመለሱ ሩቅ ነው። የሞባይል ኔትወርክ ሸለቆው ውስጥ ይጠፋል። ውኃ መንገዱ ላይ እንደማታገኙ ቆጥራችሁ ከመኪናው ይዛችሁ ውጡ። በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል አስቡ፤ በሙቀት ከዚያም በላይ። ለአሥር ማይል ሁለት ሊትር ተኩል ለአንድ ሰው ትንሹ ነው። ብዙ ዝናብ በዘነበበት ክረምት ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ስላለ ጫማ ይርሳል። ካልሲ ቀይሩ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም። ካምፑ ጋ ውስጥ ለማቆም ይከፈላል፤ አውራ ጎዳናው ዳር በተፈቀደበት ቦታ ግን በነጻ ይቆማል።

ከማን ጋር ነው የምትሄዱት?

እናት ወይም አባት ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥተው ከሆነ ምንም አታስቡ፣ ሶልስቲስ ውሰዷቸው። የሸለቆውን መንገድ ብቻ ሄዳችሁ ተመለሱ። ነጠላ ለብሰው፣ ምርኩዝ ይዘው ቀስ እያሉ ሊሄዱበት ይችላሉ። ዙሩን ለመጨረስ አታስገድዷቸው። «ትንሽ ነው የቀረው እማዬ» እየተባለ ዳገት ላይ የሚወጡ እናቶችን አይቻለሁ፤ ደግ አይደለም።

ሕፃናት ካሉ ሲካሞር ያለው አጭሩ ዙር ጥሩ ነው፣ ከዚያ በኋላ አሸዋው ላይ ይጫወታሉ። ጋሪ የሚገፋ ሰው ግን ሲኒክን አይሞክር። ጋሪ ላለው የሲካሞር ሸለቆ ጠፍጣፋው መንገድ ነው የሚሆነው። ውሻ ካላችሁ ምርጫው አልቋል። የስቴት ፓርኮቹ፣ ማለትም ሞሮና ሲካሞር፣ ተራራው ላይ ውሻ አያስገቡም። ሶልስቲስ ብቻ ነው የቀራችሁ።

የማኅበር ወይም የጓደኛ ቡድን ከሆነ ሞሮ። አሥራ አምስት ሰው አንድ ዓይነት ጉልበት የለውም።

ጾም ላይ ያለ ሰው ደግሞ ወሩን ይቁጠር። ሁዳዴ የሚውለው ተራራው በሚለመልምበት፣ አበባው በሚፈካበት ወቅት ነው። ቀዝቀዝ ስለሚልም ሞሮን በአጭሩ መዞር አያስቸግርም። ፍልሰታ ግን ነሐሴ ላይ ነው። እስከ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት (በእኛ 9 ሰዓት) ውኃ ሳይቀምሱ በነሐሴ ፀሐይ ተረተር ላይ መውጣት ድፍረት አይባልም። ረመዳን በሙቀት ወር ሲውልም ያው ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ በሩ ሳይዘጋ፣ የሶልስቲስ ሸለቆ ይበቃል። ለሌላው ቀን ቦርሳ ውስጥ ቆሎና ቴምር መያዝ ከሱቅ ኤነርጂ ባር ይሻላል፤ ይረክሳልም። ሙዝ አትያዙ፣ ቦርሳ ውስጥ ተጨፍልቆ ነው የሚደርሰው።

የሚያሳክከው ቅጠል

ስለ እባብ ብዙ ይወራል። ጅራቱን የሚያንኳኳው ራትልስኔክ በሞቃት ቀን መንገድ ላይ ሊጋደም ይችላል። ካያችሁት ቆማችሁ ርቃችሁ አሳልፉት፤ በዱላ መነካካት አያስፈልግም። መዥገርም አለ፤ ከሳሩ ራቁ፣ ቤት ስትደርሱ ሰውነታችሁን ፈትሹ።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን ፖይዝን ኦክ ነው። የሸለቆ ተክል ስለሆነ ጥላ ፍለጋ ስትጠጉ ነው የሚያገኛችሁ። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚያድግ ቅጠል ነው። በጸደይ አረንጓዴና የሚያብለጨልጭ ነው፣ በበጋ መጨረሻ ይቀላል፣ በክረምት ቅጠሉ ረግፎ እንጨቱ ብቻ ይቀራል። እንጨቱም ያው ያሳክካል። ስትነኩት ምንም አይሰማችሁም። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው የሚያብጠው፣ የሚያሳክከውም። የሚጎዳው ቅጠሉ ላይ ያለው ዘይት ነው፤ ልብስ ላይ ይቀመጣል፣ የውሻ ፀጉር ላይም። የነካችሁ ከመሰላችሁ ቶሎ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡ፣ ልብሱንም ለብቻው እጠቡ። ሽንት ለመሽናት ከመንገድ ወጣ የምትሉ ሰዎች፣ የምትይዙትን ቅጠል እዩ።

ከመነሳታችሁ በፊት

ይህ አገር ይቃጠላል፣ ከዚያ ይናዳል። ቀልድ አይደለም፣ ካርታውን የሚወስነው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የዉልዚ እሳት 97,000 ኤከር የሚጠጋ መሬት በልቷል፤ በሳንታ ሞኒካ ተራሮች የብሔራዊ ፓርኩ ከሆነው መሬት አብዛኛው የተቃጠለው ያኔ ነው። ፖይንት ሙጉን ደግሞ በ2013 የስፕሪንግስ እሳት 24,000 ኤከር ገደማ አቃጥሎ ሄደ። ሥር የያዘው አፈር ባዶውን ቀረ። በታኅሣሥ 2014 ከባድ ዝናብ ሲመጣ አጠገቡ ያለው ላ ሆያ ካንየን መንገዱ ታጥቦ ለዓመታት ተዘጋ። አሮጌ ካርታና አፕ ላይ ግን ክፍት መስሎ መታየቱን ቀጠለ።

ቴሜስካልና ዊል ሮጀርስ የሚባሉትን ፓርኮች ከንጽጽሩ ያወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ለሊትል ኢትዮጵያ ከሁሉም የሚቀርቡት የባሕር ዳር ዙሮች እነሱ ነበሩ። ጥር 2025 የፓሊሴድስ እሳት ሲነሳ ያ አካባቢ ነደደ፤ የዊል ሮጀርስ ታሪካዊ ቤትም ወደመ። ወደዚያ መሄድ ከፈለጋችሁ የስቴት ፓርኮችን ገጽ በዚያው ሳምንት እዩ። የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ይለዋወጣል።

ሞሮ ደግሞ ከዝናብ በኋላ መንገዱ እስኪደርቅ ይዘጋል። አርብ ሌሊት ከዘነበ ቅዳሜ ጠዋት 50 ማይል ነድታችሁ የተቆለፈ በር እንዳታገኙ። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ሳንታ አና የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሲነሳና የእሳት ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ደግሞ በሩ ክፍት ቢሆንም አለመሄድ ነው። ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ሆኖ እሳት ማምለጥ የሚባል ነገር የለም።

መጨረሻው ሰዓት ነው። ክሪስታል ኮቭ ከጠዋቱ 6 ሰዓት ይከፈታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። ሶልስቲስም ሲመሽ ይዘጋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ ከ5 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፣ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ 4:45 ገደማ። የሲካሞር ትልቁ ዙር ለመደበኛ እግረኛ ከምሳና ከእረፍት ጋር አምስት ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ከጠዋቱ 10 ሰዓት በኋላ አትጀምሩት። ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ ሲኒክን ብቻ ዞራችሁ ተመለሱ።